ጆንያው ሲጎድል

ልጄ የምትታመመው የጤፍ ዱቄታችን ሊያልቅ ሲል ነበር። ይህን ለማስተዋል አራት ጆንያ ፈጅቶብኛል። ጆንያው ሙሉ ሆኖ ጥግ ላይ ሲቆም ደህና ናት። ግማሽ ሲደርስም ደህና ናት። ጣሳ ይዤ ስዘቅ ክንዴ እስከ ክርኔ መግባት ሲጀምር ግን እሷም አብራ ትጎድላለች። ዓይኗ ይሰረጉዳል፣ ሆዷ ይነፋል፣ ሌላው ሰውነቷ ይከሳል። ጆንያውም እንደ ሰው ትከሻውን ጥሎ ግድግዳው ላይ ይጋደማል። ሁለቱ እኩል ሲያንሱ ሳይ ጸጉሬ ይቆም ነበር።

ከመጀመሪያው ልናገር። ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላት የአምስት ዓመት ልጅ ታክል ነበር። የምትበላው ሁሉ ውሃ ሆኖ ይወጣል። ሆዷ እንደ ከበሮ፣ እግሯ እንደ እንጨት። የኮሶ መድኃኒት ሰጠናት፣ የጃርዲያ ሰጠናት፣ ወንፊት ላይ ውሃ እንደ ማፍሰስ ሆነ። በመጨረሻ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ተላክን። እዚያ ደሟን ወሰዱ፣ በአፏ ቀጭን ቱቦ አስገብተው አንጀቷን አዩ። ሐኪሙ ሴሊያክ ይባላል አለኝ። ቃሉ አፌ ላይ አልቆም ስላለኝ ደብተሯ ጀርባ ላይ አስጻፍኩት። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። የምጽፈውን ያህል እጽፋለሁ፣ የሐኪም ቃል ግን ይከብደኛል።

«ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ነገር አንጀቷን ይፍቀዋል» አለኝ። «ዳቦው ይቅርና፣ እጅሽ ላይ የቀረ የስንዴ ዱቄት ይጎዳታል።»

«መድኃኒቱስ ጌታዬ?»

«መድኃኒቱ አለመብላት ነው። ዕድሜ ልኳን።»

«ጤፍስ?»

«ጤፍ ትብላ። በቆሎ ትብላ። ድንች፣ አንጮቴ፣ ሥጋ፣ ወተት ትብላ።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጤፍ ከሆነማ የልጄ አባት እህት ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው በአኖ ታመርታለች፤ አባትየውም እዚያው አኖ ግንበኛ ስለሆነ ቅዳሜ ሲመጣ ይዞልን ይመጣል። አንጮቴም ቢሆን ወለጋ ያለ ሰው ሥሩን ቆፍሮ ቀቅሎ የሚበላው ነው፣ ከጓሯችን አይጠፋም። ቤት እንደገባሁ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ በሶውን አውጥቼ ሰጠሁ። ወንፊቱን ጣልኩ፤ የወንፊት ቀዳዳ ታጥቦ አይጠራም። እርሾዬን ደፋሁ፣ ምክንያቱም ከጎረቤት የተበደርኩት ነበር፣ የጎረቤቴ ሊጥ ደግሞ ገብስ አለበት። ጤፍ ብቻ አቡክቼ ራሱ እስኪቦካ አምስት ቀን ጠበቅሁ። ሠርግ ስንጠራ ምግቧን በሰሃን ቋጥሬ እሄዳለሁ። ሰዎቹ ቅር ይላቸዋል፣ እኔ ችላ እላለሁ።

ልጄ ዳነች። ስምንት ወር ሙሉ ዳነች። ጉንጯ ሞላ፣ ቀሚሷ አጠረ፣ ከልጆች ጋር ተጣልታ ጭረት ይዛ መጣች። ጭረቱን ሳይ ደስ አለኝ፣ የሚጣላ ልጅ ጉልበት አለው።

ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ እንደ ልማዴ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ አንዲት ሴት ወረፋው ሰልችቷት ስንዴዋን ጤፍ በሚፈጨው መኪና ላይ ስታፈስ አየሁ። ባለወፍጮው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ጤፌን ሳላስፈጭ ተሸክሜ ተመለስኩ። በልቤ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማስፈጨው ሰኞ ነው አልኩ። ወፍጮው እሁድ ይዘጋል። ድንጋዩ የማንንም እህል ሳይነካ ያድራል። ሰኞ ማለዳ ከሰው ሁሉ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ንጹሑን ድንጋይ የኔ ጤፍ ይነካዋል።

ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ባለወፍጮው ሽማግሌ ሰው ነው፣ ቀልድ ይወዳል። ሰኞ በሩ ላይ ሲያገኘኝ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ብሎ፣ «አካም ቡልቴ አዴ! ዶሮውን አንቺ ነሽ የምትቀሰቅሺው?» ይለኛል።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ንጹሕ ነው?»

«ከሰኞ ጠዋት የበለጠ ንጹሕ የለም።»

መኪናው ይነሳል። ከዱቄት መውረጃው ሥር ጆንያዬን ዘርግቼ እቆማለሁ። ዱቄቱ በጨርቁ እጅጌ በኩል ሞቆ ይወርዳል። በመጀመሪያ የወረደው ሥር ይተኛል፣ የኋለኛው ላዩ ላይ። ጆንያውን አስሬ በባጃጅ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው ቤቴ እወስድና ጥጉ ላይ አቆመዋለሁ። ከላይ ከላዩ እየዘቅሁ እንበላለን።

በመጀመሪያው ጆንያ መጨረሻ ልጄ ተቅማጥ ጀመራት። ውሃ ነው አልኩ። በሁለተኛው ጊዜ ከንፈሯ ዳር ቆሰለ። ወደ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ የደሟን ውጤት አይቶ ቀና አለና ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ስንዴ እየገባ ነው» አለ።

«ቤቴ ውስጥ ስንዴ የለም።»

«ደሟ አለ ይላል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴን መፍራት ጀመርኩ። ሰው ሌባ ቢፈራ በር ይዘጋል፤ እኔ የፈራሁት ነገር አይታይም። ጠረጴዛ ላይ ያረፈ አቧራ ሳይ እርጥብ ጨርቅ ይዤ እሮጣለሁ። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ብርሃኑ ውስጥ የሚዋኘውን ብናኝ ቆሜ አያለሁ፣ ይሄስ ምንድነው እላለሁ። የታጠበ ሰሃን መልሼ አጥባለሁ። ጠዋት ያጸዳሁት መደርደሪያ ላይ ከሰዓት ጣቴን ሳሳርፍ ነጭ ይሆናል፤ አሸትተዋለሁ፣ ምንም አይሸትም።

ልጄንም ጠረጠርኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩ ላይ አስቁሜ፣ «አፍሽን ክፈቺ» እላታለሁ። ትንፋሿን አሸታለሁ። ጥፍሯን እገልጣለሁ። ቦርሳዋን እንደ ፖሊስ አራግፋለሁ።

«እማዬ፣ ምንም አልበላሁም።»

«ብስኩት?»

«አልበላሁም አልኩሽ እኮ!»

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤት ሄጄ ከአጥሩ ኋላ ቆምኩ። ልጄ ለብቻዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ድንቿን ትበላለች። አንዲት ጓደኛዋ ብስኩት ዘረጋችላት። የኔዋ እሳት እንደነካት እጇን ሸሸገች። ወዲያው ቀና ስትል በአጥሩ ቀዳዳ ዓይኔን አየችው። አልጠራችኝም። የያዘችውን ድንች አስቀመጠችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ቤት ስትገባም አላነሳችውም።

አጥር የምትዋሰነኝ ጎረቤቴ፣ እትዬ የምላት፣ እንደ እናቴ ከጎጃም የመጣች ናት። እሷ ነገሩን ቀድማ ጨርሳዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሴሊ ምንትስ እያልሽ አትድከሚ። ይቺ ልጅ ስትበላ የሚያያት አለ።»

«እትዬ፣ ሐኪሙ በመሣሪያ ያየው ነው።»

«መሣሪያ ዓይን ያያል? ስትበላ መጋረጃ ጣይ።»

ሳቅሁባት። ሲመሽ ግን መጋረጃውን ጣልኩ። ልጄን ጥግ አስቀምጬ እኔ ፊት ለፊቷ እቀመጥና እያንዳንዷን ጉርሻ እስክትውጥ አያለሁ። ከዋጠች በኋላ ሆዷን አዳምጣለሁ። አንዳንዴ ሆዷ ውስጥ የሚጮኸው ነገር ሌላ ሰው የሚያንሾካሹክ ይመስለኛል፣ ቃሉን ልይዘው ስል ይጠፋል።

የግማሽ ዓመቱ እረፍት ሲመጣ አባቷ አኖ ወሰዳት፣ አዳዳ ከምትላት ከአባቷ እህት ዘንድ። ሁለት ሳምንት ቆየች። ስትመለስ ከመኪናው ዘላ ወረደች። ክብደት ጨምራለች፣ ከንፈሯ ድኗል፣ ኦሮምኛዋ ሳይቀር ፈጥኗል። እዚያ የበላችው ያው ጤፍ ነው፣ ከዚያው ማሳ፣ ከዚያው ክምር።

እኔ ቤት አምስት ቀን ቆየች። ጆንያው ከእረፍቱ በፊት የጀመርኩት ነበር፣ ወደ ሥሩ ደርሷል። በስድስተኛው ቀን ወደቀች።

ይህን ጊዜ ሰፈሩ እኔን ማየት ጀመረ። ውሃ ስንቀዳ አንዲት ሴት ለሌላዋ፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «የእናትም ዓይን ይበላል አሉ» አለቻት። እትዬም ያን ሰሞን ቤቴ ስትመጣ ዓይኗን መሬት ላይ ታደርጋለች። ቤት ገብቼ መስታወቱን አወረድኩ። ዓይኔን አየሁት። የገዛ ዓይኔን። እንደ ድሮው ነው፣ ቡናማ ነው፣ ሥሩ ትንሽ ቀልቷል። ብዙ ሳየው ግን የሌላ ሴት ዓይን መሰለኝና መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

በማግሥቱ ምሳ አቀረብኩላት። ሰሃኑን ገፋችው።

«ብዪ እንጂ የኔ እናት።»

«አልበላም።»

«ለምን?»

ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ «እማዬ፣ የሚያመኝ ካንቺ እጅ ስበላ ነው» አለችኝ። «አዳዳ ጋ አላመመኝም። አንቺ ሳታዪኝ የበላሁት ሁሉ አላመመኝም።»

አባቷ ቅዳሜ መጣ። እሷ ተኝታ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ክንዷን በሁለት ጣቱ ለካና፣ «የዛሬ ሳምንት እወስዳታለሁ» አለኝ።

«ለስንት ቀን?»

«እዚያ ትማራለች።»

«ለስንት ቀን አልኩህ።»

«አንቺ፣ ልጅቷ እያለቀች ነው» አለ። እሁድ ጠዋት ወደ አኖ ተመለሰ።

አንድ ሳምንት ነው የቀረኝ። እሁድ ከሰዓት ልጄ ደክሟት ስትተኛ ጆንያው ፊት ቁጭ አልኩ። ትንሽ ዱቄት ቀርቶታል። እጄን ልሰድ ብል እምቢ አለኝ። እጄ ነው ወይስ ዱቄቱ? አንዱ ነው ልጄን የሚበላት። በመጨረሻ ጆንያውን ከግርጌው ይዤ ሰፌድ ላይ ገለበጥኩት። እስከዚያ ቀን ገልብጬው አላውቅም፤ በጨለማው ጥግ በጣሳ እየዘቅሁ ነበር የምጨርሰው።

እኛ የምንበላው ቀይ ጤፍ ነው። ቡናማው ዱቄት ወረደ። ከኋላው፣ ከጆንያው ስፌት ውስጥ፣ ነጣ ያለ ዱቄት ተከተለ። ሁለት እፍኝ ይሆናል።

ከነጣው ቆንጠር አድርጌ መዳፌ ላይ በውሃ አሸሁት። ጤፍ ሲታሽ ይፈርሳል እንጂ አይሳብም፣ ይህን ማንም ሴት ታውቃለች። መዳፌ ላይ ያለው ተሳበ። በሁለት ጣቴ ሳነሳው እንደ ማስቲካ ቀጠነ፣ አልበጠስም አለ።

ስንዴ ነው። ቤቴ ውስጥ። ከጆንያዬ ሥር።

ማን ጨመረው? መጀመሪያ እትዬ መጣችብኝ። በሩን ከፍቼ ወደ አጥሯ ሦስት እርምጃ ሄጃለሁ። ምን እንደምላት አላውቅም፣ ግን ጮክ ብዬ ልላት ነበር። ከዚያ ቆምኩ። ሰው በኋላ የጨመረው ዱቄት ላዩ ላይ ይገኛል። ይህ ከሁሉ በፊት ጆንያው ውስጥ የገባ ነው። ልጄን እንድታያት ለእትዬ ነግሬ ወደ ወፍጮው ሄድኩ፣ መዳፌን ሳልታጠብ።

የወፍጮው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ መዶሻ ይሰማል፤ ቀጭን፣ የማይቸኩል፣ ጢቅ ጢቅ የሚል። ገባሁ። መኪናው ጠፍቷል። ባለወፍጮው ላይኛውን ድንጋይ አውርዶ ፊቱን እየወቀረ ነው። ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ሆኗል፣ ዓይኑ ብቻ ነው ሰው የሚመስለው።

«አካም ኦልቴ አዴ! ዛሬ እኮ እሁድ ነው።»

«አንተስ ምን ትሠራለህ?»

«ከጸሎት መልስ ድንጋይ እወቅራለሁ። ጥርሱ ያልቃል፣ እንደኔው።» ሳቀ። «ሁልጊዜ እሁድ ነው የምወቅረው፣ ሌላ ቀን እናንተ መቼ ታስቀምጡኛላችሁ?»

ድንጋዩን መልሶ ገጠመ። መኪናውን አስነሳ። ከጓዳ ጣሳ ሙሉ እህል አመጣና ከላይ አፈሰሰ። ሌላ ጣሳ ደገመ። ዱቄቱ በእጅጌው ወርዶ አሮጌ ጆንያ ላይ ተከመረ፣ ነጭ።

«ምንድነው የምትጨምረው?» አልኩት፣ ድምፄ ከመኪናው በላይ እንዲሰማ ጮኼ።

«ቀመዲ!» አለኝ። ስንዴ። «ከተወቀረ በኋላ ድንጋዩ አሸዋ ይተፋል። ስንዴው ጠርጎ ያወጣዋል። ያለዚያ ሰኞ ቀድማ የምታስፈጨው ሴት አሸዋ ትበላለች።» መኪናውን አጠፋና እጁን አራገፈ። «ቀድማ የምታስፈጨው ደግሞ አንቺ ነሽ። ድሮ አንድ ጣሳ ነበር የማፈስሰው። ልጅሽ ታማሚ ናት ሲሉኝ ሁለት አደረግሁት።»

አንድ ጆንያ እህል ላይ ተቀመጥኩ። የመውረጃውን የጨርቅ እጅጌ አየሁት። ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ተሰቅሎ ቆይቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ ፍስስ ብሎ ወረደ። ነገ ጠዋት መጥቼ ጆንያዬን ሥሩ እዘረጋ ነበር።

መዳፌን ዘርግቼ ሊጡን አሳየሁት። የልጄን በሽታ ከአንድ እስከ መጨረሻው ነገርኩት። እየሰማ ኮፍያውን አወለቀ።

«ዋቃዮ! አምላኬ!» አለ። «ስንት ሰኞ?»

ንጹሕ ሰኞ ፈልጌ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ጤፍ ሲፈጭ የዋለ ድንጋይ ላይ ሳስፈጭ ልጄ ጉንጭ አውጥታ ነበር። የአኖዋ አክስቷም የምታስፈጨው እንደዚያው ነው፣ ገበያ ቀን፣ ከጤፍ ኋላ። እኔ ከሰው ሁሉ በላይ ተጠንቅቄ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ተነስቼ፣ ጠርጎ የወጣውን ስንዴ ለልጄ ተሸከምኩላት።

ሰውዬው የመኪናውን እጅጌ ፈትቶ ወሰደና አጠበው። በሚቀጥለው ቀን ድንጋዩን በበቆሎ ደጋግሞ ጠረገው። ረቡዕ ጤፍ ብቻ ሲፈጭ ውሎ ከሰዓት በኋላ አዲስ ጆንያ አስፈጨልኝ። ልጄ ያን ሳምንት ድንችና አንጮቴ ብቻ በላች፤ ጆንያውን አልፈታሁትም።

ቅዳሜ የልጄ አባት መጣ። ቦርሳዋ ተዘጋጅቷል፣ ራሷ ናት ያዘጋጀችው። ሁሉንም ነገርኩት። እሱ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ነው፣ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

«ሊሆን ይችላል» አለ። «ባይሆንስ?»

ልጄ በመካከላችን ቆማለች። ጆንያውን አየችው።

«የሚያመኝ ከሥሩ ስበላ ነው አይደል?» አለች።

«አዎ።»

«ከሥሩ ጀምሪ።»

አባቷ ተቆጣ፣ «ልጅቷ ላይ ልትሞክሪ ነው?» አለኝ። እኔም ፈራሁ። ከተሳሳትኩ በእጄ፣ እያወቅሁ፣ በቀን ብርሃን ነው የማበላት። እሷ ግን ሰሃኗን አንስታ ይዛ ቆመች። ጆንያውን ሰፌድ ላይ ገለበጥኩት። ከስፌቱ የወጣውን መዳፌ ላይ በውሃ አሸሁት፤ ፈረሰ፣ አልተሳበም። ሦስት ጊዜ አሸሁት። ከዚያ ዱቄት ገንፎ አገነፋሁ። አባቷ እስከ ሰኞ ሊቆይ ወሰነ።

ገንፎውን ፊቷ አስቀመጥኩና እንደ ልማዴ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ስበላ አትዪኝ» አለችኝ።

ዞርኩ። በላች፣ ድምጿን ብቻ ሰማሁ። እሁድን ቆጠርኩት፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ሆዷን ላዳምጥ አልደፈርኩም። ድሮ በማግሥቱ ነበር የሚጀምራት። አልጀመራትም። እሁድም ከዚያው ከሥሩ በላች፣ እኔና አባቷ ግድግዳውን እያየን።

ሰኞ ጠዋት አባቷ ጫማውን አስሮ፣ ቦርሳዋን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የአኖው ሚኒባስ ሊሄድበት ነው። እሷ ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ሰሃኗን ስታቀርብ ሁለታችንም ሳትነግረን ዞርን። ማንኪያው አንድ ጊዜ ሰሃኑን ነካ። ከዚያ ዝም አለ። መዞር ፈልጌ አንገቴ አልታዘዝ አለኝ።

«እማዬ» አለች ከኋላዬ።

«ወይ?»

«ዛሬ ጨው ረስተሻል።»